አሜሪካኖች «ዛር» የሚሉት ማንን ነው?

የአሜሪካን ዜና የሚከታተል ሰው «ቦርደር ዛር» (የድንበር ዛር) የሚለውን ነገር ሳይሰማ አልቀረም። በ2024 የምርጫ ዘመቻ ሪፐብሊካኖች ካማላ ሃሪስን በዚህ ስም ሲወቅሷቸው ከረሙ። ዴሞክራቶቹ «ኧረ እንዲህ የሚባል ሹመት ተሰጥቷቸው አያውቅም» ብለው ተሟገቱ። ምርጫው ካለቀ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ዶናልድ ትራምፕ ቶም ሆማን የሚባሉ ሰው መምረጣቸውን አስታወቁ። በራሳቸው ጽሑፍ ላይ «ቦርደር ዛር» አሏቸው። መወንጀያ ሆኖ የከረመው ቃል በአንድ ጊዜ የክብር ስም ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ይሄ «ዛር» ምንድን ነው? ሚኒስትር ነው? አማካሪ ነው? ሠራዊት ያዛል? ፊርማው ይሠራል?

አንድ መልስ የለውም። ታሪኩን ስትከታተሉት ግን አንድ ነገር እየደጋገመ ይመጣል። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ሰው «ዛር» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሥልጣን ስላለው አይደለም። ሥራው በብዙ መሥሪያ ቤቶች ተበታትኖ የማንም ስላልሆነ ነው። ስሙ የንጉሥ ነው፣ ሥራው ግን የአስታራቂ።

(ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች፣ ከአንዱ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከቄሳር እስከ ሞስኮ

ለእኛ ጆሮ ነገሩ ሌላም ጣጣ አለው። «ዛር» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልን ሰው ላይ የሚሰፍረው፣ የሚያስጎራው፣ ቡና ተፈልቶ ዕጣን ተጪሶ የሚለመነው ዛር ነው። «የድንበር ዛር» የሚል ርዕስ ያነበበ ሰው ድንበር ላይ የሚያድር ቆሌ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሁለቱ ቃላት ግን ዘመድ አይደሉም። ድምፃቸው ነው የገጠመው።

የእንግሊዝኛው «ዛር» ዘመዱ ሌላ ነው፤ እሱንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። «የቄሳርን ለቄሳር፣ የእግዚአብሔርንም ለእግዚአብሔር» ሲባል የሰማነው ቄሳር ነው። ዩሊየስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ሮም ውስጥ ተገደለ። ወራሹ አውግስጦስ ስሙን ወሰደ፤ ከእሱ በኋላ የነገሡትም ወሰዱት። እንዲህ እንዲህ እያለ የአንድ ቤተሰብ ስም የዙፋን ስም ሆነ። ጀርመኖች ካይዘር አሉት። ስላቮች አሳጥረው ጻር አሉት። የቡልጋሪያው ስምዖን በ10ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዚሁ ስም ተጠራ። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ ኢቫን አራተኛ በ1547 ጻር ተብሎ ዘውድ ጫነ። ታላቁ ጴጥሮስ በ1721 «ኢምፔራቶር» የሚለውን መርጦ ነበር፤ ሕዝቡም የውጭ አገር ሰውም ግን የለመደውን አልተወም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1895 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ መልእክተኞች ሲልኩ የተቀበሏቸው ኒኮላይ ሁለተኛ፣ በዓለም ዘንድ «ጻሩ» ነበሩ። ከዓድዋ በኋላ አዲስ አበባ የመጡትን የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ካስታወሳችሁ፣ ያ ዘመን ነው።

እንግሊዝኛ ቃሉን ያገኘው ሄርበርሽታይን ከሚባል ኦስትሪያዊ መልእክተኛ ነው። ሞስኮ ሄዶ ያየውን በ1549 በላቲን አሳተመ። እሱ በጻፈበት ፊደል ነው ዛሬም አሜሪካኖች የሚጽፉት፤ በ«ሲ» እና በ«ዜድ» ይጀምሩታል። እንግሊዞች ደግሞ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» መጀመር ይወዳሉ። ሲነበብ ሁለቱም ያው ናቸው። ሁለት የተለያየ ቃል የመሰላችሁ ካላችሁ፣ አንድ ነው።

መጀመሪያ ስድብ ነበር

አሜሪካ ንጉሥ ጠል አገር ነች። ሕገ መንግሥቷ ገና በመጀመሪያው አንቀጽ መንግሥት ለማንም የመሳፍንት ማዕረግ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስለዚህ አንድን ፖለቲከኛ «ዛር» ማለት ጨቋኝ፣ አምባገነን፣ አልሰማ ባይ ማለት ነበር። በ1830ዎቹ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ከማዕከላዊው ባንክ ጋር ሲጣሉ፣ የባንኩን ኃላፊ ኒኮላስ ቢድልን ጠላቶቻቸው «ዛር ኒኮላስ» አሏቸው። በጊዜው ሩሲያን ይገዛ የነበረውም ኒኮላይ ነበርና ስድቡ ተመቻቸ።

በደንብ የተለጠፈባቸው ግን የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ቶማስ ሪድ ናቸው። ታሪኩ ያስቃል። በዚያ ዘመን አናሳው ፓርቲ አንድ ዘዴ ነበረው። አባላቱ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለው ስማቸው ሲጠራ ዝም ይላሉ። መልስ ያልሰጠ እንደሌለ ይቆጠራል። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ይባልና ስብሰባው ይቆማል። በጥር 1890 ሪድ ይሄ በቃኝ አሉ። ዝም ያሉትን በዓይናቸው እያዩ «አቶ እገሌ አሉ፣ ጻፍ» እያሉ ለጸሐፊው አስመዘገቡ። አንዱ ተነሥቶ «አለ ብለህ ልትቆጥረኝ መብት የለህም» ቢል፣ ሪድ የመለሱት በአጭሩ «የለሁም ነው የምትለው?» የሚል ነበር። አንዳንዱ ጠረጴዛ ሥር ተደበቀ። በር ሲዘጋበት በእርግጫ ከፍቶ የወጣም አለ። ከዚያ ወዲያ «ዛር ሪድ» ሆነው ቀሩ።

ልብ በሉ፤ ሪድ እውነተኛ ሥልጣን ነበራቸው። የተሰደቡትም በሥልጣናቸው ነው። ከዚህ በኋላ ቃሉ ቀስ በቀስ ይገለበጣል።

ስድቡ እንዴት መድኃኒት ሆነ?

በ1917 የሩሲያው ዙፋን ወደቀ። በዓመቱ ኒኮላይ ከነቤተሰቡ ተገደሉ። ሩሲያን የሚገዛ ጻር ጠፋ። ማንም የማይፈራው ስም ደግሞ ለማንኛውም ነገር ይሆናል።

በ1919 የአሜሪካ ቤዝቦል ዋና ዋንጫ ላይ የቺካጎ ዋይት ሶክስ ተጫዋቾች ገንዘብ ተቀብለው ጨዋታ ሸጠዋል ተባለ። ተመልካቹ ጨዋታው ላይ እምነት አጣ። የክለቦቹ ባለቤቶች እርስ በርስ አይተማመኑም፤ አንዱ ሌላውን ሊዳኝ አይችልም። ስለዚህ በ1920 መጨረሻ ከውጭ ሰው አመጡ፤ ኬንሶ ማውንቴን ላንዲስ የሚባሉ ፌዴራል ዳኛ። ላንዲስ በግማሽ ሥልጣን አልሠራም አሉ፤ ሙሉውን ተሰጡ። በ1921 ስምንቱን ተጫዋቾች ፍርድ ቤት ነጻ ሲለቃቸው፣ በማግስቱ ላንዲስ ዕድሜ ልካቸውን ከቤዝቦል አገዷቸው። ጋዜጦች «የቤዝቦሉ ዛር» አሏቸው። በዚህ ጊዜ ግን በአድናቆት ነው። ሰዉ የሚፈልገው «አንድ ጠንካራ ሰው መጥቶ ይሄን ያጽዳልን» የሚል ነበርና። ላንዲስ እስከ ሞቱበት እስከ 1944 ከወንበሩ አልተነሡም።

በ1922 ደግሞ ሆሊውድ በቅሌት ሲናጥ የቀድሞውን የፖስታ ሚኒስትር ዊል ሄይስን ቀጠረ። «የፊልሙ ዛር» ተባሉ። ዘዴው ተለመደ ማለት ነው፦ ነገር ሲበላሽ፣ ሕዝብ ሲያጉረመርም፣ አንድ ሰው ይሰየማል።

መንግሥትም ዘዴውን አየውና ወሰደው። እዚህ ላይ የጎማውን ታሪክ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። በ1942 መጀመሪያ ጃፓን ማላያንና የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ ያዘች። አሜሪካ የተፈጥሮ ጎማ የምታገኝባቸው አገሮች እነዚህ ነበሩ፤ አቅርቦቷ ከ10 እጅ 9ኙ ተቆረጠ። ያለ ጎማ መኪና የለም፣ አውሮፕላን የለም፣ ጦርነትም የለም። ሰው ሠራሽ ጎማ መፈብረክ ይቻላል፤ ግን ለፋብሪካው ብረቱን የባሕር ኃይሉ ይፈልገዋል፣ አልኮሉና ነዳጁ በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ነው፣ ዋጋውን የሚተምነው ሌላ ነው። ሁሉም ትክክል ነው፣ ሥራው ግን አይንቀሳቀስም። ሩዝቬልት በመስከረም 1942 የዩኒየን ፓስፊክ ባቡር ድርጅት ፕሬዚዳንት የነበሩትን ዊልያም ጄፈርስን አመጡ። «የጎማው ዛር» እሳቸው ናቸው። ከባሕር ኃይሉም ከጦሩም ጋር በአደባባይ እየተጨቃጨቁ ብረቱን አስወጡ፣ ፋብሪካዎቹ እንዲሠሩ አደረጉ። ጎማ እንዳያልቅ ተብሎ ቤንዚን በመላ አገሪቱ በራሽን ሆነ። መኪናም በሰዓት ከ35 ማይል፣ ማለት ከ56 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ እንዳይሄድ ተባለ። ሰውየው ዓመት ያህል ሠርተው ወደ ባቡራቸው ተመለሱ።

ስሙ ልክ የሆነላቸው «ዛር» ካለ ጄፈርስ ናቸው እላለሁ። ሦስት ነገር ነበራቸው፦ ጦርነት፣ ከኋላቸው የቆመ ፕሬዚዳንት፣ እና አንድ በቁጥር የሚለካ ሥራ። ጎማ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ከእሳቸው በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ከሦስቱ አንዱን ወይ ሁለቱን አጥተዋል።

በ1973 መገባደጃ የዐረብ አገሮች ነዳጅ ሲያቆሙ ኒክሰን ዊልያም ሳይመንን «የኢነርጂ ዛር» አደረጉ። እንግዲህ ያው የነዳጅ ዋጋ ነው ዞሮ ዞሮ በእኛ የካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያስቆመው፤ የዚያን ዓመት ቀሪውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። አሜሪካ በነዳጅ ማደያ ሰልፍና በአንድ «ዛር» አለፈችው።

ዕፁ ላይ የሆነው

ብዙ ሰው «ዛር» ሲባል የሚያስበው «ድራግ ዛር»ን፣ ማለት የዕፁን ዛር ነው። ነገሩ በደንብ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

አደንዛዥ ዕፅ የማን ሥራ ነው? ነጋዴውን የሚያሳድደው ዲኢኤ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ወደብ ላይ የሚፈትሸው ጉምሩክ በጊዜው በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ነበር። የባሕር ጠረፍ ጠባቂው በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር። ከኮሎምቢያ ጋር የሚነጋገረው የውጭ ጉዳይ ነው። ሱሰኛውን የሚያክመው የጤና ሚኒስቴር ነው። እስር ቤቱ የክፍለ ግዛቶችም የፌዴራልም ነው። እያንዳንዱ የራሱ አለቃ፣ የራሱ በጀት፣ ኮንግረስ ውስጥም የራሱ ጠባቂ ኮሚቴ አለው።

በ1982 ጆ ባይደን፣ ያኔ ሴናተር ነበሩ፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ይግባ ብለው ተሟገቱ። ፕሬዚዳንት ሬገን ሕጉን አልቀበልም አሉ። መከራከሪያቸው ሌላ ቢሮ በቢሮ ላይ መከመር ነው የሚል ነበር። በ1988 ግን ሕጉ ወጣ፤ ቢሮው ተቋቋመ። በ1989 ዊልያም ቤኔት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። የቢሮው ሙሉ ስም ረጅም ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ የብሔራዊ የዕፅ ቁጥጥር ፖሊሲ ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር ይሆናል። ይሄን የትኛው ጋዜጣ ነው ርዕስ ላይ የሚያሰፍረው? «ዛር» በእንግሊዝኛ አራት ሆሄ ነች። በቃ፣ አለቀ። የቃሉን ዕድሜ ካራዘሙት ነገሮች አንዱ ይሄው የቦታ ጉዳይ ነው።

አሁን ሥልጣኑን እንየው። «ድራግ ዛሩ» አንድ የዲኢኤ ወኪል ማዘዝ አይችልም። አንድ መርከብ ማንቀሳቀስ አይችልም። ማንንም አያስርም። የሚችለው ስትራቴጂ መጻፍና የየመሥሪያ ቤቱን የዕፅ በጀት አይቶ «ይበቃል» ወይም «አይበቃም» ማለት ነው። «አይበቃም» ያለውን ሚኒስትሩ ካልተቀበለ ነገሩ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። ፕሬዚዳንቱ ለዛሩ ካደላ ዛር ነው፤ ለሚኒስትሩ ካደላ ደግሞ ጥሩ ቢሮ ያለው ሰው ነው።

እንዲያም ሆኖ «ድራግ ዛሩ» ከሌሎቹ ይሻላል። ቦታው በሕግ የቆመ ነው፣ ሴኔቱ ያጸድቀዋል፣ በጀት አለው። ብዙዎቹ «ዛሮች» ይሄም የላቸውም። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ትልልቅ ሹመቶች በሴኔቱ መጽደቅ አለባቸው። የፕሬዚዳንቱ የግል አማካሪ ግን አያስፈልገውም። ዛሬ ይጠራል፣ ነገ ቢሮው ይገባል። ለፕሬዚዳንቱ ይሄ ትልቅ ምቾት ነው፤ ሰሚ ኮሚቴ የለ፣ ወራት የሚፈጅ ማጽደቅ የለ። ለኮንግረስ ደግሞ ያው ምቾት እሾህ ነው። ጠርቶ ሊጠይቀው ሲል «የፕሬዚዳንቱ አማካሪ ነው፣ አይመጣም» ሊባል ይችላል።

በኦባማ ዘመን ይሄ ጠብ ፈነዳ። ለመኪና ፋብሪካዎቹ «ካር ዛር»፣ በመንግሥት ገንዘብ የተረፉ ድርጅቶች አለቆች ደመወዝ ላይ «ፔይ ዛር»፣ ለአየር ንብረት፣ ለኮምፒውተር ደኅንነት፣ ምኑ ቅጡ። ሴናተር ጆን ማኬይን በ2009 ቆጠሩና የኦባማ ዛሮች ሩሲያን ሦስት መቶ ዓመት ከገዙት ከሮማኖቮች በለጡ ብለው ተሳለቁ። ቀልድ ብቻ አልነበረም። የኦባማ የራሳቸው ፓርቲ ሰው፣ ሽማግሌው ሴናተር ሮበርት ቢርድ፣ ገና በየካቲት 2009 ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ስጋታቸው ሴኔቱ ያላጸደቃቸው ሰዎች ሴኔቱ ካጸደቃቸው ሚኒስትሮች በላይ እንዳይሆኑ ነው። በ2011 ኮንግረስ በበጀት ሕግ ውስጥ ሸጉጦ የአራት «ዛሮችን» ገንዘብ ከለከለ። ኦባማ ፈረሙ፤ ግን አማካሪዎቼን የመምረጥ መብቴን ይነካል ብለው አብረው ጻፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ በሹመት ደብዳቤው ላይ «ዛር» የሚል የተጻፈለት የለም። ስሙን ጋዜጣው ይሰጣል፣ ተቃዋሚው ያጮኸዋል፣ ፕሬዚዳንቱ ሲመቸው ይቀበለዋል፣ ሳይመቸው ይክደዋል። ስለዚህ «የኦባማ ዛሮች ስንት ነበሩ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር አይገኝም። ቆጣሪው ማን እንደሆነ መጀመሪያ መጠየቅ ነው።

በጥቅምት 2014 ኢቦላ አሜሪካን ሲያስደነግጥ ሮን ክሌይን «የኢቦላ ዛር» ተባሉ። ሐኪም አይደሉም፣ የሕግ ሰው ናቸው። ብዙዎች ቀለዱባቸው። እኔ ግን ምርጫው ገብቶኛል። ሐኪም ሞልቷል። የጎደለው የጤናውን፣ የጦሩን፣ የአየር ማረፊያውንና የውጭ ጉዳዩን ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ማን ምን ያድርግ» የሚል ሰው ነበር።

ሃሪስና ሆማን

ወደ ድንበሩ እንመለስ። በመጋቢት 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ለምክትላቸው የሰጡት ሥራ ይሄ ነበር፦ ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከሆንዱራስና ከኤል ሳልቫዶር መንግሥታት ጋር ተነጋግረው ሰዎች ከአገራቸው የሚሰደዱበትን ምክንያት ከሥሩ እንዲያዩት። ዲፕሎማሲ ነው። ድንበሩን መጠበቅ የሆምላንድ ሴኩሪቲ (የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር) ሥራ ነው፤ ሚኒስትሩ አሌሃንድሮ ማዮርካስ ነበሩ። በዚያ ላይ ዋይት ሃውስ ውስጥ ሮቤርታ ጄከብሰን የሚባሉ የደቡብ ድንበር አስተባባሪ ነበሩ፤ በሥራቸው ጠባይ ለስሙ የሚቀርቡት እሳቸው ናቸው። ወዲያው ለቀቁና ተረሱ።

የዜና ማሰራጫዎች ግን ሃሪስን «ቦርደር ዛር» ማለት ጀመሩ። ቃሉ አጭር ነው፣ ይጥማል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሃሪስ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ያ አጭር ቃል ተመዞ ወጣ። «ድንበሩ ተሰጥቷቸው ነበር፣ አበላሹት» የሚለውን ክስ በሁለት ቃል ይሸከማል። በሐምሌ 2024 የተወካዮች ምክር ቤት «ቦርደር ዛሯን» የሚያወግዝ ውሳኔ በ220 ለ196 ድምፅ አሳለፈ። ስድስት ዴሞክራቶችም ደግፈውታል።

ማን ልክ ነበር? የተሰጣቸውን ሥራ ካያችሁ ዴሞክራቶቹ ልክ ናቸው፤ ድንበሩ አልተሰጣቸውም። ቃሉን ካያችሁት ደግሞ ሪፐብሊካኖቹ ልብ ወለድ አልፈጠሩም፤ ዜና ላይ ሲባል የኖረውን ነው ያነሡት። ሥልጣን ሳይሰጥ ስም ሲሰጥ የሚመጣው ዕዳ ይሄ ነው፦ ነገሩ ሲሳካ የሚያመሰግንህ የለም፣ ሲበላሽ ግን ስምህ አለ።

ሆማን ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ በሌላ በኩል ነው የገባው። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ሰጡት። ሰውየው ስደተኞችን የሚይዘውና የሚያባርረው መሥሪያ ቤት፣ የአይስ፣ ተጠባባቂ ዳይሬክተር ስለነበሩ መሥሪያ ቤቱን ከውስጥ ያውቁታል። ሴኔቱ አላጸደቃቸውም፤ ሚኒስትር አይደሉምና አያስፈልግም። ሥልጣናቸው በወረቀት ላይ ከፈለጋችሁት ትንሽ ነው። ፕሬዚዳንቱ ከኋላቸው ሲቆሙ ግን ሌላው ሁሉ ይሰማል። ጄፈርስን ያስታወሰ ሰው ነገሩን ያያል። ትራምፕ በዚያው ሰሞን ዴቪድ ሳክስን «የኤአይና የክሪፕቶ ዛር» አድርገው መርጠዋል። የአምባገነን ስድብ የነበረው ቃል ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በደስታ የሚያድሉት ሆነ።

እንግሊዞችም ይሄን ልማድ ወስደዋል። ቶኒ ብሌር ኪት ሄላወል የሚባሉ የፖሊስ አዛዥ «የዕፅ ዛር» አደረጉ። በ2002 መንግሥት በካናቢስ ላይ ያለውን ሕግ ሊያላላ ሲል ሄላወል ተቃውመው ለቀቁ። ስለ ዕፅ የሚወስነው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ እንጂ የዕፅ ዛሩ አለመሆኑ ያን ቀን ታየ።

ከሌሎቹ ጋር እንዳይምታታ

እንግሊዝኛ ለባለሥልጣንና ለባለጸጋ ከየአገሩ የሰበሰበው ስም ብዙ ነው። «ታይኩን» ከጃፓን ነው፤ በእንግሊዝኛ ጋዜጦች ሼክ መሐመድ አል አሙዲ ብዙ ጊዜ የሚጠሩበት እሱ ነው። «ሞጉል» ከሕንድ ሙጋል ነገሥታት የመጣ ሲሆን ለፊልምና ለሚዲያ ባለቤት ይቀናዋል። «ማንዳሪን» ሲባል የእንግሊዝ ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። «ኦሊጋርክ» ከመንግሥት ተጠግቶ የከበረ፣ በተለይ ሩሲያዊ ሲሆን ነው። የቼልሲ ደጋፊ በአብራሞቪች ምክንያት ቃሉን በደንብ ያውቀዋል፤ ከ2003 እስከ 2022 ክለቡን የያዙት እሳቸው ናቸው። ክለቡን የገዙት አሜሪካኖች ግን «ኦሊጋርክ» ሲባሉ አልሰማሁም፤ «ኢንቨስተር» ናቸው። ስሙ ሀብቱን ብቻ አይደለም የሚናገረው ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ ሰው ስላለው ነገር ነው የሚናገሩት። «ዛር» ግን ስለ ተሰጠው ሥራ ነው። ማንም ሰው ታይኩን ተደርጎ አይሾምም።

የሚያሳስተው ዕፅ ላይ ነው። «ድራግ ሎርድ» እና «ድራግ ባሮን» ዕፅ አዘዋዋሪው ናቸው። «ድራግ ዛር» ደግሞ አሳዳጁ ነው። ሁለቱንም «የዕፅ ንጉሥ» ብሎ የተረጎመ ሰው ፖሊሱን ወንጀለኛ አደረገው። እኔ በአማርኛ ስጽፍ፣ ሰውየው የማዘዝ ሥልጣን ካለው «ኃላፊ»፣ ከሌለው «አስተባባሪ» ብዬ አልፋለሁ። ክርክሩ ራሱ ስለ ስሙ ሲሆን ብቻ «ዛር» የሚለውን በትምህርተ ጥቅስ አስቀምጬ እተወዋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ የስደት ጉዳይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። «ቦርደር ዛሩ» በቴሌቪዥን የሚናገረው አቅጣጫውን ያሳያል፤ የእናንተን ፋይል ግን እሱ አይወስንም። የጥገኝነት ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ዩኤስሲአይኤስ፣ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የኢሚግሬሽን ዳኛ ይወስናል። የሚይዘውና የሚያባርረው አይስ ነው። ድንበርና አየር ማረፊያ ላይ ያለው ሲቢፒ፣ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃው ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ከእነዚህ ነው የሚመጣው። «ዛር» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ከደረሳችሁ አጭበርባሪ ነው፤ ገንዘብ እንዳትከፍሉ።